በሽምግልና የተጠገነ ሞተር

ሁለት ሐበሾች አንድ መኪና በጋራ ከገዙ መኪናው ሦስት ባለቤት አለው። ሦስተኛው ጸብ ነው። እሱ ነዳጅ አያዋጣም፣ ጎማ አይገዛም፣ ግን ከሁሉም ቀድሞ ጋቢና ይቀመጣል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ከጀማመረኝ በኋላ ስለሆነ ከመጽሐፍ ብዙ የተበደርኩት ነገር የለም። የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭስ ነው።

ጭሱ የሚወጣው ከሚኒባሳችን ነበር። «ሚኒባሳችን» የምለው የእኔና የሐጂ ሸምሱ ስለሆነ ነው። ሐጂ ሸምሱ እዚህ ጁባ፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ ውስጥ፣ ሳሙናና የፕላስቲክ ሳህን በጅምላ የሚሸጡ የወራቤ ሰው ናቸው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከመሪ በቀር ምንም ያልጨበጥኩ ሹፌር ነኝ። የደቡብ ሱዳን ሪፈረንደም ሊደረግ ትንሽ ሲቀረው፣ ከተማው በሙሉ ግንባታ በሆነበት ጊዜ፣ ያለንን አዋጥተን እኩል ባለቤቶች ሆንን። ያኔ የተሳሳምነውን መሳሳም ያየ ሰው መኪና የገዛን ሳይሆን ልጅ የዳርን ይመስለዋል።

መኪናው የመጣው ከካምፓላ ስለሆነ መሪው በቀኝ ነው። ጁባ ደግሞ የሚነዳው ቀኝ ይዞ ነው። ስለዚህ የተሳፋሪው በር የሚከፈተው ወደ አስፋልቱ መሃል ነው። ሰው ከእኛ መኪና ሲወርድ በአንድ እግሩ መሬት ይረግጣል፣ በሌላው ይሮጣል። ለዚህ ማንም ቅር አይለውም። የከተማው ሚኒባስ ግማሹ እንደዚያ ነው፤ ሰው የለመደውን ሞት አይፈራም። ያልተለመደው የእኛ ጭስ ነው። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፣ በመጨረሻ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። አንድ ቀን ኮር ዊሊያም የምትወርድ ዓሣ ነጋዴ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓሣዋን ቤቷ አጭሳ እንደመጣችና ድጋሚ እንዲጨስላት እንዳልከፈለች በአረብኛ ነገረችኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ብስቅ ደስ ባለኝ፤ ግን እያሳለኝ ነበር።

በጎን መስታወት ወደ ኋላ ሳይ የሚታየኝ መንገድ አልነበረም። የራሴ ጭስ ነው። ከኋላዬ የሚመጣው ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ይሁን የጭነት መኪና፣ ወዳጅ ይሁን ፖሊስ፣ አላውቅም። ሰው ሲያረጅ ኋላውን ማየት ይወዳል ይባላል፤ እኔ እሱንም ተከልክያለሁ።

በዚህ መሃል ነው ኮንትራቱ የመጣው። አማራት አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ የግንባታ ድርጅት ሠራተኞቹን ጠዋት ጠዋት ከኮር ዊሊያምና ከአትላባራ የሚያመላልስለት ሚኒባስ ይፈልጋል። የትራንስፖርቱ ኃላፊ ላዶ የሚባል፣ ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ የሆነ የጁባ ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት መኪናውን አምጡና ልየው አለን። የሚያጨስ ከሆነ ግን ግቢው እንደማይገባ፣ አለቆቹ በጭስ እንደተማረሩና በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሚኒባስ እንዳለ አከለበት።

ይህ ኮንትራት ለሐጂ ንግድ ነው። ለእኔ ግን ብዙነሽ ናት። ብዙነሽ ሻሸመኔ ያለችው ባለቤቴ ናት። ና ስላት ትስቃለች፤ አይ፣ ነይ ስላት ትስቃለች ማለቴ ነው፤ ለነገሩ እሷን ማንም ና ቢላት አይገርመኝም፣ ከእኔ ይልቅ ወንድ እሷ ናት። በስልክ ያለችኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «ጠዋት ተነስተህ የምትሄድበት ሥራ ስትይዝ ጥራኝ። ሰው እየተጣራ ለሚውል ባል ድንበር አልሻገርም።» የሹፌርነትን ሙያ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲህ የገደለ ሰው አላውቅም።

ስለዚህ መኪናውን አትላባራ፣ ጋትኮት ጋራዥ ወሰድነው። ጋትኮት ጋምቤላ ያደገ፣ ሙያውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የተማረ፣ ቁመቱ ኮፈን ሲከፍት ሁለት ቦታ የሚታጠፍ መካኒክ ነው። አማርኛው ከእኔ ይበልጣል፤ ጉራው ከአማርኛው ይበልጣል። «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ሶማሌ ተራ ሳያስተምሩት የቀሩ ይመስለኛል። ሞተሩን አየ፣ አሸተተ፣ ጆሮውን ለጠፈበት። ከዚያ በሽታው ሁለት እንደሆነ ነገረን፦ ከታች የፒስተኖቹ ፋሻ አልቆ ዘይት ያስገባል፣ ከላይ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን፣ ተሰንጥቆ ውሃ ይጠጣል። ወይ ፋሻው ይቀየርና ስንጥቁ ተበይዶ ይጠገናል፣ ወይ ደግሞ ሞተሩ በሙሉ ይወርድና ከዱባይ የመጣ ሌላ ይገባል።

የቱ ይሻላል ብለን ጠየቅነው። «ሁለቱም ይቻላል» አለና ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ሰይጣን ጁባ ውስጥ ብዙ ሥራ የለውም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይተካዋል።

እኔ ይጠገን አልኩ። ይህን ሞተር አውቀዋለሁ፤ ሲያስል፣ ሲያኮርፍ፣ ዳገት ሲያይ ወገቤን ሲል አውቃለሁ። ከዱባይ በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣው ግን የማን መኪና ውስጥ እንደነበረ፣ ምን ገጭቶ እንደተነቀለ ማን ይነግረኛል? የማላውቀውን ሰው ልብ ደረቴ ውስጥ አልከትም። ሐጂ ይቀየር አሉ። እሳቸው ነጋዴ ናቸው፤ የተሰነጠቀ ሳህን ሙጫ ቀብተው መደርደሪያ ላይ አይመልሱም። ከላይ ሲጠግኑት ከታች፣ ከታች ሲጠግኑት ከላይ እየሆነ ዕድሜያችንን ይበላዋል አሉ።

ክርክሩ እዚህ ቢቆም ክርክር ነበር። እኔ ግን አፌ አያርፍም።

«ሐጂ፣ የሳሙና ነጋዴ ስለ ሞተር ምን ያውቃል?» አልኩ።

«ሳሙና ቢያንስ ያጸዳል» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። «አንተ የነካኸው ሁሉ ሲጠቁር ነው የማየው፣ ወንድሜ። እንግዲያው ይሸጥና እንካፈል።»

ይሸጥና እንካፈል። በጋራ መኪና ውስጥ ይህ ቃል ፍቺ ማለት ነው። ተሸጦ ግማሹ ቢደርሰኝ ምን አደርግበታለሁ? የሚኒባስ ግማሽ ገዝቼ ከፊት መቀመጫው ጋር ልሩጥ?

የእኛ ሰው በዚህ ጊዜ ፍርድ ቤት አይሄድም። ሌላ መካኒክም አይጠይቅም፤ መጠየቅ የነበረብን ምናልባት እሱን ነበር። የእኛ ሰው ሽማግሌ ይጠራል። አማራት ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘውድነሽ ወሬውን ሰምተው ኖሮ ቅዳሜ እኔ ጋ ኑ ብለው ላኩብን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆኑ። አንደኛዋ ራሳቸው እትዬ ዘውድነሽ ናቸው፤ ጁባ ያለ ሐበሻ ሁሉ በእጃቸው ስለሚበላ ማንም አይቃወማቸውም። ሁለተኛው ኢንጂነር ተሾመ ነው፤ የሚሠራው መንገድ ነው፣ ግን «ኢንጂነር» ውስጥ «ኢንጂን» አለ ብለን ተጽናናን። ሦስተኛው የአየር መንገድ ሠራተኛ ሲሆን ዝም ይላል። ሽምግልና ላይ ዝም የሚል ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ሌሎቹ ሲሳሳቱ እሱ ያውቅ እንደነበር ይቆጠራል።

ተመረቅን፣ ተቀመጥን፣ ሐጂ በታላቅነታቸው ቀድመው ተናገሩ። ቀጥዬ እኔ ተናገርኩ። እንደ ባልና ሚስት ሽምግልና ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ቀን ተነሣ፦ መኪናው ከካምፓላ የገባ ዕለት ሐጂ ወንበር ይቀየር ማለታቸው፣ እኔ በረመዳን ጋቢና ውስጥ ሙዝ መብላቴ፣ ሁሉም። እትዬ ዘውድነሽ በየመሃሉ «እሱን ተዉት፣ ያለፈ ነው» ይላሉ፤ ሲተውት ደግሞ «ከዚያስ?» ይላሉ።

ኢንጂነር በመጨረሻ ተከሳሹም ይሰማ አለ። ተከሳሹ ሞተሩ ነው። ምግብ ቤቱ በር ላይ አቁሜው ስለነበር ገባሁና አስነሣሁት። ነፋሱ ወደ ውስጥ ነበር። የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ጥሬ ክትፎ ያዘዘ ሰው ክትፎው ጠረጴዛው ላይ እያለ ታጨሰበት። ደንበኛው ሁሉ እጁን ሳይታጠብ ወጣ። እትዬ ዘውድነሽ ከጭሱ ውስጥ ድምፃቸው ብቻ እየተሰማ ምስክርነቱ በቂ ነው አሉ።

ከዚያ እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ እንዲመክሩ እኔና ሐጂ ወደ ውጭ ወጣን። መኪናው አጠገብ ጎን ለጎን ቆምን። ሐጂ በጀለቢያቸው ጫፍ ኮፈኑ ላይ ያለውን አቧራ ሲጠርጉ አየኋቸው። ይውጣና ይጣል ያሉት ሞተር ያለበትን ኮፈን፣ በንጹሕ ጀለቢያ። ያን ቀን ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ይሄ ነው ያናደደኝ። ሰው ሊጣላህ ከመጣ ሙሉ ለሙሉ መጥፎ ቢሆን ምን ነበረበት?

ተጠራን። ኢንጂነር ጉሮሮውን ጠርጎ ፍርዱን አሰማ፦

«ከላይ ያለው በሐጂ ሐሳብ ይቀየር። ከታች ያለው በአንተ ሐሳብ ይጠገን። ማንም አሸነፍኩ አይበል፣ ማንም ተሸነፍኩ አይበል። ለእኛ ስትሉ ተቀበሉ።»

ከጓዳ እልልታ ተሰማ። ተሳሳምን። እኔ እየተሳምኩ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ሐኪሞች የዚህ ሰው እግር ይቆረጥ፣ አይ አይቆረጥ ብለው ቢጣሉና የእኛ ሽማግሌ ቢጠራ፣ ጣቶቹ ብቻ ይቆረጡ ብሎ ያስታርቃቸዋል። ሽማግሌ ከመሃል የማይሰነጥቀው ነገር የለም። እግዜር ይስጣቸውና በሰለሞን ቦታ ቢቀመጡ ኖሮ ሁለቱ ሴቶች የተጣሉበትን ሕፃን ከምር ለሁለት ይከፍሉት ነበር።

ጋትኮትን እንዲህ ግማሽ በግማሽ ይሆናል ወይ አልነው።

«ይቻላል» አለ።

ሐጂ ከሌላ ሚኒባስ የተፈታ ደህና ቴስታታ ይዘው መጡ፤ እኔ አዲስ ፋሻ ይዤ መጣሁ። ጋትኮት ከታች የእኔን፣ ከላይ የሐጂን እያሰናዳ እሑድ ከሰዓት ሊገጥማቸው ሲል ቀና ብሎ ጓርኒሲዮኑስ የማነው አለን። ጓርኒሲዮን ማለት በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባ፣ ውሃው ከዘይቱ እንዳይገናኝ የሚከለክል ስስ ነገር ነው። ሽማግሌም ማለት እሱ ነው፤ በሁለት ብረት መሃል ገብቶ ይጨፈለቃል፣ ከተቃጠለም መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። ታዲያ ጓርኒሲዮን ከላይ ነው ከታች? ከላይ ከሆነ ምርጫው የሐጂ ነው። ከታች ከሆነ የእኔ ነው። ፍርዱ ስለሱ ያለው ነገር የለም።

ይባስ ብሎ ሁለታችንም ገዝተን መጥተናል። ሐጂ ከካምፓላ የመጣውን፣ እኔ ዓመታት ከማውቀው ዓይነት። ሁለቱም ልኩ ልክ ነው። ሁለታችንም ካርቶናችንን በደረታችን ይዘን ቆምን፣ ሙሽራ እንደሚጠብቁ ሚዜዎች። ሽማግሌ እንጥራ አልን። ኢንጂነር ስልኩ ዝግ ነው። እትዬ ዘውድነሽ ምግብ ቤቱን ከጭስ እያጠብኩ ነው፣ ተነጋገሩ ብለው ዘጉ። የአየር መንገዱ ሰው ስልኩን አነሣ፤ ጥያቄያችንን እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ዝም አለ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ ሐጂ የሶላት ሰዓት ደረሰባቸው፣ እኔ ነገሩ ሰለቸኝ፣ ሁለቱንም ካርቶን ለጋትኮት ሰጥተን አንተ ፍረድ ብለነው ሄድን።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሊመርቁን አትላባራ ተሰበሰቡ። መኪናው ታጥቧል። ቁልፉን አዞርኩ። ኽር ኽር አለ። ደገምኩ። ኽር ኽር። ጋትኮትን የማንን ጓርኒሲዮን ነው ያደረግከው አልኩት።

«የሁለታችሁንም» አለ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ። «እኔ የማን ጠላት ልሁን፣ ጋሼ? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ እንዴ?»

አያችሁ፣ ሰውዬው ከእኛ ጋር ስላደገ ሞተር ብቻ አይደለም የተማረው። በሁለት ታላላቆች መሃል አለመፍረድንም ተምሯል። ጓርኒሲዮኖቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሲነባበሩ ቴስታታውን ከፍ አደረጉት፤ ናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚነሣው አየር በመጨመቅ ነውና መጭመቂያው ላላ። ሲበርደው አይነሣም ማለት ነው። ፈትቶ ለመግጠም ጊዜ የለም። ጋትኮት ከተገፋ እንደሚነሣ ማለ። ገፉት፤ ተነሣ። ሁላችንም ዘለን ገብተን ወደ አማራት በረርን።

ድርጅቱ በር ላይ ዘበኛው ሞተር አጥፋ አለኝ። አጠፋሁ። ሥርዓት ያለው ሰው ለመምሰል ያደረግኩት ነገር ሁሉ ጎድቶኝ ነው የሚያውቀው። ላዶ ስብሰባ ላይ ነበርና እስኪወጣ ቆየን፤ ብዙ ቆየን። ጁባ ውስጥ በዚያ ሰዓት ድንጋዩ ይሞቃል፣ ብረቱ ይሞቃል፣ የታሸገ ውሃ ሻይ ይሆናል። የእኛ ሞተር ግን በረደው።

ላዶ ወጥቶ አስነሣው አለ። ኽር ኽር።

ፊቴን ማየት አልቻልኩም እንጂ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ብዙነሽ ሻሸመኔ ሆና ስትስቅ ተሰማኝ። በዚያ ቅጽበት ከኋላ በሩ ተከፈተና ሐጂ ወረዱ። ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ሻጡና ሁለት እጃቸውን የመኪናው ጀርባ ላይ አሳረፉ። ኢንጂነር ከነከረባቱ ተከተላቸው። እትዬ ዘውድነሽ ጫማቸውን አወለቁ። ጋትኮት ሁለት ቦታ ታጠፈ። በር ላይ የቆሙ የቀን ሠራተኞች «ሊዙ፣ ሊዙ» እያሉ፣ ግፉ ማለታቸው ነው፣ እነሱም መጡ። ዝም ባዩ የአየር መንገድ ሰው «በርቱ» አለ። ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ወፍራም ነው።

ሞተሩ ተነሣ። ላዶ ወደ ኋላ ዞሮ ነጭ መሐረብ ከኪሱ አወጣ፣ ማርሚታው አፍ ላይ፣ ጭሱ መውጫው ላይ ያዘው። ነዳጅ እንድሰጥ በእጁ ምልክት አሳየኝ። ሰጠሁ። መሐረቡን ገልብጦ አየው። ነጭ ነው። አጣጥፎ ኪሱ ከተተና እነዚህ ሁሉ ሰዎች እነማን ናቸው አለኝ። ባለቤቶቹና ሽማግሌዎቹ ናቸው አልኩ። ሁልጊዜ አብረውህ ይሄዳሉ ወይ አለኝ። አይ፣ ጠዋት ሲበርደው ብቻ መገፋት አለበት አልኩት እውነቱን፤ ከዚያ በኋላ መዋሸት ምን ይጠቅመኛል?

ላዶ አሰበ። ከዚያ በአረብኛው እንዲህ አለ፦ «የምታመላልሳቸው ግንበኞች ናቸው። ይገፋሉ። ጭስን ግን ገፍቶ የሚመልስ ግንበኛ የለኝም።»

ኮንትራቱ የእኛ ሆነ።

አሁን አንዱን ጓርኒሲዮን ማውጣት ቀላል ነው ትሉ ይሆናል። የማንን? በማግስቱ ሳይሆን ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ብቻዬን ጋትኮት ጋ ሄድኩና የእኔን አውጣው፣ የሐጂ ይቅር፣ ለሳቸው ግን እንዳትነግር አልኩት። ጋትኮት ግድግዳ እስኪይዝ ሳቀ። ሐጂ ቀድመውኝ መጥተው የሳቸው እንዲወጣና ለእኔ እንዳይነገረኝ አደራ ብለውት ኖሯል። «ሁለታችሁን ልስማ ካልኩ ሁለቱንም ላውጣ ነው» አለኝ። እንዳለ ተወው። ሐጂን አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሌላ ሽምግልና የሚችል ምግብ ቤት ጁባ ውስጥ የለም።

እናም ጠዋት ጠዋት ግንበኞቹ ገፍተው ይሳፈራሉ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ስላልገፋ በወንበር ጥግ ይቀመጣል፤ ይህን ሕግ ራሳቸው ናቸው ያወጡት።

ብዙነሽ የመጣች ቀን ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ኤርፖርት ሄዱ። አውሮፕላኑ ዘገየ። ወጣች፣ ሳመችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ጋቢና ገባች። ቁልፉን አዞርኩ። የምታውቁት ድምፅ መጣ። ምን ሆነ አለችኝ። ይገፋል አልኳት።

«ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ሥራ አለኝ ብለኸኛል እኮ» አለች።

«አለኝ» አልኩ። «የማይነሣው መኪናው ነው እንጂ እኔ እነሣለሁ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በሩን ከፈተችና ወረደች። በለመደችው በኩል እንዳልወረደች እንኳ ልብ አላለችም። ሐጂ ከኋላ ቆመው ይጠብቃሉ። ልጄ ተይ፣ እንግዳ ነሽ፣ እኔ ከኤርፖርቱ ዘበኞች ጋር እገፋዋለሁ ሲሏት ይሰማኛል።

«ሐጂ፣ እንግዳ አይደለሁም» አለቻቸው። «ለዚህ መኪና ሦስተኛዋ ባለቤት ነኝ። ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

ሦስተኛው ባለቤት ማን እንደነበረ መጀመሪያ ላይ ነግሬአችኋለሁ። ቦታው ከዛሬ ጀምሮ ተይዟል፣ ሌላ ይፈልግ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተሩ ተነሣ። በጎን መስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ጭስ ስላልነበረ ሁሉም ይታዩኝ ነበር፦ ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው፣ ብዙነሽ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ሁለቱም እየሳቁ ሲሮጡ።